ባለቤቱ የቤቱ መሠረት ይሆናልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ነበር። የማደንዘዣው መድኃኒት በደም ሥሬ መግባት ሲጀምር ሐኪሙ ቁጥር እንድቆጥር አዘዘኝ፤ አራት ካልኩ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ነገሩ እንቅልፍ አልነበረም። ከእንቅልፍ የሚነሣ ሰው ጊዜ እንዳለፈ ይታወቀዋል፤ እኔ ግን ከ«አራት» ተነሥቼ በቀጥታ ወደ አንድ ነጭ ብርሃን የተሻገርኩ ያህል ነበር። ብርሃን ነበረ፤ የጉሮሮ መድረቅ ነበረ፤ ከሩቅ የሚሰማ የብረት ዕቃ ኳኳታ ነበረ። «አያለሁ» ወይም «ጠማኝ» የሚል ሐሳብ ግን አልነበረም። ከዚያ አንዲት ሲስተር በስሜ ጠርታ «ትሰማኛለህ?» አለችኝ፤ «አቤት» አልኩ። ብርሃኑ እኔ የማየው ብርሃን፣ ድርቀቱም የእኔ ጥማት የሆነው ከዚያች ቃል በኋላ እንደሆነ ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የሚታወሰኝ።

አማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው «ራሱን ሳተ» ይለዋል፤ ሲመለስ ደግሞ «ነፍሱን አወቀ» ይላል። ሰው ስቶት የሚያገኘው፣ ጥሎት የሚያነሣው ነገር እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በተማሪነቴ እልባት ያገኘ ይመስለኝ የነበረ አንድ ጥያቄ እንደገና ተከፈተብኝ፤ ፍልስፍና የሚቆምበት፣ ሌላው ዕውቀት ሁሉ በላዩ የሚገነባበት መሠረት «እኔ» ሊሆን ይችላልን? አሁን የደረስኩበትን በመጀመሪያ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል። «እኔ» የፍልስፍና መነሻ ነው፤ ያለ እርሱ ማንም መጠየቅ አይጀምርም። መሠረት ግን አይሆንም። መነሻና መሠረት በአንድ ስም ስለተጠሩ ብዙ ስሕተት ተፈጥሯል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄውን በዚህ መልኩ የተከለው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1619 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሆኖ ሠራዊት ተከትሎ በሄደበት በጀርመን አገር፣ በምድጃ በሞቀ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲያስብ ዋለ። በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ ያን ቀን ሲተርክ አስተሳሰቡን የሚገልጸው በግንበኛ ቋንቋ ነው፤ ብዙ እጆች እየጠጋገኑ ያቆሙት ሕንጻ አንድ ሰው አስቦ እንደሠራው እንደማያምር፣ ቤቱን አፍርሶ እንደገና የሚሠራ ሰው እስኪጨርስ የሚጠለልበት ሌላ ቤት እንደሚያስፈልገው ይጽፋል። በ1641 በላቲን ባወጣው፣ «ማሰላሰሎች» በተባለው ሥራው ደግሞ ማፍረሱን እስከ መጨረሻው ወሰደው። የስሜት ሕዋሳት ያታልላሉ፤ አሁን የማየው ሕልም ሊሆን ይችላል፤ ሁለትና ሦስት ስደምር እንኳ አንድ ኃያል አታላይ እያሳሳተኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አታላዩ የፈለገውን ያህል ቢያታልለኝ፣ የሚታለል አንድ ሰው መኖሩን ሊሽር አይችልም። አርኪሜዲስ ምድርን ለማንቀሳቀስ የጠየቀውን ያን አንድ የማይነቃነቅ ነጥብ ዴካርት እዚህ ጋ አገኘሁት አለ።

ብዙ ሰው «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» የሚለውን ቃል በየጊዜው ይጠቅሰዋል። ቃሉ በ1637 በፈረንሳይኛ፣ በ1644 ደግሞ በላቲን ይገኛል። ዋናው ክርክር በተጻፈበት በ1641ዱ ሥራ፣ በሁለተኛው ማሰላሰል ውስጥ ግን «ስለዚህ» የሚል ቃል የለም፤ «እኔ ነኝ፣ እኔ አለሁ» የሚለው አነጋገር በተናገርኩት ወይም በህሊናዬ በያዝኩት ቁጥር የግድ እውነት ነው ይላል። ይህን ገጽ ዶርም ውስጥ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ተኝተው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እያነበብኩ በራሴ ላይ የሞከርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ለመካድ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የካድኩት ራሴ ነኝና። ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገኘው ዓይነት እርግጠኝነት ነበር፤ ዛሬም ያን እርግጠኝነት አላንቋሽሸውም።

ሐሳቡን ከእርሱ በፊት ያገኙት ነበሩ። ሰሜን አፍሪቃዊው የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ «ብሳሳት እንኳ አለሁ» ብሎ ለተጠራጣሪዎች መልሷል። በ11ኛው መቶ ዘመን ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና በአየር ላይ ተንሳፍፎ የተፈጠረ፣ ዓይኑ የተሸፈነ፣ እጅና እግሩ እንኳ እርስ በርስ የማይነካካ ሰው አስቡ ብሎ፣ ያ ሰው ስለ ሰውነቱም ሆነ ስለ ዓለም ምንም ሳያውቅ መኖሩን ግን ያረጋግጣል ሲል ጽፏል። ሁለቱም ድንጋዩን አግኝተውታል፤ ቤት ግን አልሠሩበትም። ኢብን ሲና ነፍስ ከሥጋ የተለየች መሆኗን ሊያመለክትበት፣ አውግስጢኖስ ጥርጣሬን ሊያስታግሥበት ነው የተጠቀሙበት። መላውን ዕውቀት በላዩ ለማቆም የተነሣው ዴካርት ነው፤ መሰንጠቁም የታየው ሲጫን ነው።

የመጀመሪያውን ስንጥቅ ራሱ ጽፎታል። «እኔ አለሁ» ካለ በኋላ «ለምን ያህል ጊዜ?» ብሎ ይጠይቅና «እስካሰብኩ ድረስ» ብሎ ይመልሳል፤ ማሰብ ፈጽሜ ባቆም መኖርንም ፈጽሜ አቆም ይሆናል ሲል ያክልበታል። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪ ሳለሁ አልፌው ሄጃለሁ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ከ«አራት» እስከ ነጩ ብርሃን ድረስ መሠረቱ የት ነበር? ሐኪሞቹ ሲሠሩ፣ ልቤ ሲመታ፣ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እኔ መኖሬን የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ። እርግጠኝነቱ በአንዲት ቅጽበት ውስጥ ብቻ የሚያበራ ከሆነ፣ ትናንት ያሰብኩትን ዛሬ ከማስበው ጋር ለማያያዝ ትዝታ ያስፈልገኛል፤ ትዝታ ደግሞ ዴካርት በጥርጣሬው መጀመሪያ ላይ ካፈረሳቸው ግድግዳዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ከዚህ ይከፋል። «አለሁ» ከሚለው ወጥቶ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ዓለም፣ ወደ ሌላው ሰው ለመሻገር ዴካርት የማያታልል እግዚአብሔር አስፈለገው። በግልጽና በጥራት የተረዳሁት ሁሉ እውነት እንደሆነ ዋስ የሚሆነው እግዚአብሔር ነው፤ እግዚአብሔር እንዳለ የሚያውቀው ግን በግልጽና በጥራት ስለተረዳው ነው። አንትዋን አርኖ የተባለው ወጣት የነገረ መለኮት ምሁር መጽሐፉ ገና ሳይወጣ ረቂቁን አንብቦ ይህን ዙሪያ ጥምጥም አሳይቶታል። ከአርኖ ተቃውሞ ይልቅ ግን እኔን ያስደነቀኝ ዴካርት በሦስተኛው ማሰላሰሉ ራሱ የጻፈው ነው። መጠራጠሬንና መፈለጌን፣ ማለትም አንድ ነገር እንደጎደለኝ ላውቅ የቻልኩት፣ ከእኔ የላቀ ፍጹም ነገር ሐሳብ አስቀድሞ በውስጤ ስላለና ራሴን ከእርሱ ጋር ስለማነጻጽር ነው፤ ስለዚህም የወሰን የለሹ ዕውቀት በሆነ መንገድ ከራሴ ዕውቀት ይቀድማል ይላል። መሠረት ነው የተባለው ድንጋይ ሲገለጥ ከሥሩ ሌላ ድንጋይ ተገኘ ማለት ነው፤ ያሳየንም ራሱ ግንበኛው ነው።

አሁን ወደ ቋንቋ ልግባ፤ ይህን ክፍል ለረጅም ጊዜ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ። የአማርኛ ሰዋስው የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» ይለዋል፤ ድርጊቱ የሚያርፍበትን ደግሞ «ተሳቢ»። ባለቤት ማለት የቤት ጌታ ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በጌቲንገን ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ሊሽተንበርግ በግል ማስታወሻው ላይ፣ ዴካርት «አስባለሁ» ማለቱ ከሚገባው በላይ መውሰዱ ነው፤ «ይበርቃል» እንደሚባለው «ይታሰባል» ቢባል በተገባ ነበር የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ሐሳብ መኖሩ ታይቷል፤ የሐሳቡ ባለቤት ግን አልታየም። ጀርመናዊው ይህን ለማለት ስለ መብረቅ የሚነገርን አንድ አገላለጽ መዋስ ነበረበት፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምንናገረው እንዲሁ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገረመኝ፣ መሰለኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «እኔ» በቃሉ ጫፍ ላይ በ«ኝ» የተገለጠው ተሳቢው ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። «ራበኝ» ሲባል ያራበው ማነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ ግሡ ባለቤቱን «እሱ» እያለ ያልፋል፤ እሱ ግን ማንም አይደለም። የውስጥ ኑሯችንን ከሚነግሩት ቃላት እጅግ የምንደጋግማቸው «እኔ»ን የሚያውቁት ነገር የሚደርስበት፣ የሚነካ፣ የሚጎበኝ አድርገው ነው።

ከሁሉ የምትበልጠው «ይመስለኛል» ናት። ዴካርት በዚያው በሁለተኛው ማሰላሰሉ የማየው ብርሃን፣ የምሰማው ድምፅ፣ የሚሰማኝ ሙቀት ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ የማይና የምሰማ «መምሰሉ» ግን ሐሰት ሊሆን አይችልም ይላል። ጥርጣሬው ሁሉ ካለፈ በኋላ የቀረችው ንጹሕ እህል ይህች ናት። ይህን ወደ አማርኛ መልሰን ብንለው «የማይ ይመስለኛል» ነው። የማይናወጠው እርግጠኝነት በ«ይመስለኛል» ላይ ካረፈ ደግሞ፣ በዚያች ቃል ውስጥ ያለው «እኔ» ቤቱን የሚያዝ ጌታ ሳይሆን አንድ ነገር የሚመስልለት፣ የሚገለጥለት፣ የሚቀበል ነው።

ሰዋስው ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ በ1886 ባሳተመው ሥራው «አስባለሁ» ባዮቹን ሰዋስው አታሏቸዋል ብሎ ከሷቸው ነበር፤ ላቲኑ ዴካርትን ካታለለ የእኛም «ኝ» እኛን ልታታልል ትችላለች። ቋንቋ ክርክር አይፈታም። ሆኖም ማንም አማራጭ ያለው በማይመስለው ቦታ ላይ ሌላ አማራጭ መኖሩን ያሳያል፤ «እኔ»ን ከመጀመሪያው ባለቤት አድርጎ ማሰብ የአስተሳሰብ ሕግ ሳይሆን አንድ የአነጋገር መንገድ እንደሆነ ያስታውሰናል።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ወደ ውስጡ ተመልክቶ ያገኘውን በ1739 ሲጽፍ፣ ራሴን ልይዘው ስገባ ሁልጊዜ የምይዘው ሙቀትን ወይም ብርድን፣ ብርሃንን ወይም ጥላን፣ ፍቅርን ወይም ጥላቻን ነው፤ ራሴን ግን ያለ እነዚህ ይዤው አላውቅም አለ። «እኔ» የምንለው በፍጥነት የሚፈራረቁ ስሜቶች ጥቅል ብቻ እንደሆነ ደመደመ። በዓመቱ ባከለው ተጨማሪ ክፍል ግን በዚህ ነገር ላይ እንደተምታታበት፣ ስሜቶቹን የሚያስተሳስራቸውን ነገር ማግኘት እንዳልቻለ በግልጽ ጻፈ። ለእኔ ይህ ኑዛዜ ከመደምደሚያው የበለጠ ዋጋ አለው። ጥቅሉን ያሠረው ገመድ ምንድን ነው? ሙቀቱንም ብርዱንም «አገኘሁ» ያለው አንድ ሰው ነውና።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ የተመጣጠነው ነው። «አስባለሁ» የሚለው ሐሳብ ከማስበው ሁሉ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ሐሳቡ የእኔ አይሆንም። ነገር ግን ይህ «እኔ» ራሱ ምንም ይዘት የለውም፤ የሚያስበው «እኔ ወይም እሱ ወይም ያ ነገር» ምን እንደሆነ ከሐሳቦቹ ተለይቶ አይታወቅም። በ1787 በወጣው የዋና መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ኑሮዬን በጊዜ ውስጥ የማውቀው ከእኔ ውጭ ጸንቶ የሚቆይ ነገር ስላለ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ከውስጥ ወደ ውጭ እንዴት እንሻገር ብሎ የተጨነቀው ዴካርት ጥያቄውን የጀመረው ከተገላቢጦሽ ጫፍ ነበር ማለት ነው። ባለቤት ከሌለ «የእኔ ቤት» የሚባል ቤት የለም፤ ያም ሆኖ ግድግዳው የቆመው በባለቤቱ ትከሻ ላይ አይደለም። ባለቤቱም የሚኖረው በውስጡ ነው።

«እኔ»ን መሠረት ለማድረግ ከማንም ይልቅ የደፈረው ግን ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ፊክተ ነው። በ1794 በዬና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር የፍልስፍናን ሁሉ የመጀመሪያ መርሕ «እኔ» ራሱን በማኖሩ ላይ አቆመው፤ «እኔ» አስቀድሞ ያለ ነገር ሳይሆን ራሱን የሚያኖር ድርጊት ነው፤ ሌላውም ሁሉ ከዚህ ይከተላል አለ። በዚህ መንገድ ከእርሱ በላይ የሚሄድ የለም። ይሁንና በ1796 ስለ ሕግ መሠረቶች በጻፈው መጽሐፍ ላይ፣ ከዚያው መርሕ ተነሥቶ አንድ ያልተጠበቀ ቦታ ደረሰ። ሰው ነጻ መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው ሌላ ነጻ ፍጡር ሲጠራው፣ «አድርግ» ወይም «መልስ» ብሎ ሲጋብዘው ነው፤ ስለዚህ «ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች መካከል ብቻ ነው» ሲል ጻፈ። ጥሪውን ግዴታ አላደረገውም፤ ጥሪ እምቢ ሊባል የሚችል ነውና፣ የተጠራው እምቢ ማለት መቻሉን በማወቁ ነው ነጻነቱን የሚያገኘው። ይህን ሳነብ ያቺ ሲስተር ትዝ አለችኝ። ራሴን ስቼ ስመለስ ራሴን ያኖርኩት እኔ አልነበርኩም፤ ተጠራሁና መለስኩ። ለጥሪ የምንሰጠው ቃል ደግሞ «እኔ» ሳይሆን «አቤት» ነው፤ ሌላው አስቀድሞ እንደተናገረ በውስጡ የሚመሰክር ቃል ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላት አካባቢ ለጥቂት ወራት አብሬያቸው ኖሬ ነበር። ቤተሰቡ «ሚጣ» ይሏታል፤ እርሷም ስለ ራሷ ስትናገር «ሚጣ ውሃ ትፈልጋለች» ትል ነበር። መታዘል ሲያምራት ደግሞ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትመጣና «ላዝልሽ» ትለኛለች። ሁልጊዜ የምትሰማው እንዲያ ነዋ! እናቷ ጎንበስ ብላ «ላዝልሽ?» ስትላት መታዘል ይከተላል፤ ስለዚህ የመታዘል ስሙ «ላዝልሽ» ነው። «አንቺ» የሚለው ቃል እርሷን፣ «እኔ» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላውን የሚጠራ ነበር የሚመስላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ወተት አየችና «ይህን ማን ደፋው?» አለች። ሚጣ ከበሩ ጀርባ ብቅ ብላ «እኔ» አለች። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከአፏ ሰምተነው አናውቅም ነበርና። አንድ ልጅ ስለ ሕፃናት ሁሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ሌሎች ልጆች «እኔ»ን በሌላ መንገድ ይማሩት ይሆናል። እኔ ግን «እኔ» ስትወለድ ያየኋት እንዲያ ነው፤ ራሷን በማሰብ ሳይሆን ለጥያቄ በመመለስ። ኃላፊነት የሚሸከመውን ሰው በአማርኛ «ተጠያቂ» እንለዋለን፤ የሚጠየቅ ማለት ነው። ዴካርት ያገኘው «እኔ» ጠያቂ ነው። ሚጣ ያሳየችኝ ግን «እኔ» ጠያቂ ከመሆኑ በፊት ተጠያቂ እንደነበረ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በአገራችን ሲነሣ ዘርዓ ያዕቆብን ከዴካርት ጋር ማስተያየት የተለመደ ነው፤ በአንድ ዘመን የኖሩ፣ ሁለቱም ብቻቸውን ተቀምጠው ያሰቡ ስለሆኑ። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ የሐተታው፣ ደራሲነት አከራካሪ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ኢጣሊያዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፣ ሥራው የኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለው ጽፈዋል፤ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን በሰፊው ተከላክለዋል፤ ክርክሩም አላበቃም። ለእኔ ጥያቄ የሚያስፈልገኝ ጽሑፉ ራሱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገዱም ከዴካርት ይለያል። የሐተታው ተናጋሪ ከስደት ሸሽቶ በዋሻ ሲኖር በዳዊት መዝሙር ይጸልያል፤ ከዚያ «የሚሰማኝ አለን?» የሚል ጥርጣሬ ይገባዋል። ጆሮን የተከለ አይሰማምን የሚለው የመዝሙሩ ቃል ይታወሰውና፣ ታዲያ የምሰማበትን ጆሮ ለእኔ የሰጠኝ ማነው፣ አስተዋይ አድርጎ የፈጠረኝ ማነው፣ ወደዚህ ዓለም እንዴት መጣሁ ብሎ ይጠይቃል። በገዛ እጄ ተፈጠርኩን? ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩምና አይሆንም። አባትና እናቴ ፈጠሩኝ ብልስ፣ የእነርሱን ፈጣሪ ደግሞ መፈለግ አለብኝ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እዚህም «እኔ» አለ፤ ብርቱ «እኔ»ም ነው፤ ካህናትና መምህራን የነገሩትን ሳይቀበል ራሱ የሚመረምር። ነገር ግን ወደ ራሱ ሲመለስ ያገኘው የመጀመሪያ ነገር ጆሮ ነው። ራሱን የሚያየው እንደተሰጠ፣ እንደመጣ፣ ከኋላው ሌሎች እንዳሉ አድርጎ ነው። መነሻው «እኔ» ሆኖ እያለ መሠረቱን ከ«እኔ» አሻግሮ ይፈልጋል፤ መልሱን ባንቀበለው እንኳ የአጠያየቁ ቅደም ተከተል ትክክል ይመስለኛል።

በዚህ ሁሉ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ከባድ ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ለራሴ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁም። ሰው በሌለበት ቤት በር ቢንኳኳ የሚከፍት የለም። ድንጋይ ቀኑን ሙሉ በስም ቢጠራ አቤት አይልም። ስለዚህ ጥሪው «እኔ»ን ሊፈጥረው አይችልም፤ ለመጠራት አስቀድሞ የሚሰማ መኖር አለበት። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የነበረው ያ ነጭ ብርሃንም ቢሆን የማንም አልነበረም ማለት አልችልም፤ የማንም ባይሆን ኖሮ ዛሬ ሳስታውሰው «ያየሁት ብርሃን» ብዬ አላስታውሰውም ነበር። ይህን አምናለሁ፤ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትንም በዚህ መጠን አርመዋለሁ። ከጥሪው በፊት አንዳች ለመስማት የተዘጋጀ፣ ነገሮች የሚገለጡለት «ለእኔነት» ነበረ። የኢብን ሲና ተንሳፋፊ ሰው ያለው ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ሰው ስም የለውም፤ ትናንት የለውም፤ «አለሁ» የሚልበት ቋንቋ እንኳ የለውም። «አለሁ» ብሎ እንዲያረጋግጥ የፈቀድንለት እኛ፣ ቋንቋ ያለን አንባቢዎቹ ነን። ያን ቀጭን ነገር መካድ አልፈልግም፤ ሒሳብን፣ ዓለምን፣ ሕግንና ሌላውን ሰው ሁሉ ይሸከማል መባሉን ግን አልቀበልም።

ከሌላው ወገን የሚመጣ ስሕተትም አለ፤ ዛሬ በአገራችን ክርክሮች ውስጥ ስለምሰማው ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። «እኔ» መሠረት ካልሆነ መሠረቱ «እኛ» ነው፤ ግለሰቡ የማኅበረሰቡ ድምፅ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ከቀደመው የባሰ ይመስለኛል። ሌላው ሊጠራኝ ይችላል፤ ስለ እኔ አቤት ሊልልኝ ግን አይችልም። አስተማሪዬ አንድን ማስረጃ አሥር ጊዜ ሊያብራራልኝ ይችላል፤ የመረዳቷ ቅጽበት ግን የእኔ ካልሆነች አልተረዳሁትም። ዴካርት መጽሐፉን በ«እኔ» የጻፈው ታሪኩን ሊነግረን ብቻ አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ አንባቢ ያን «እኔ» በራሱ አፍ እንዲለውና እንዲፈትነው ነው። ማንም ስለ ሌላው ሊጠራጠርለት፣ ማንም ስለ ሌላው ሊያምንለት አይችልም። ከዴካርት ሕንጻ ሁሉ ቢፈርስ ይህ አይፈርስም፤ በዚያ ሌሊት ዶርም ውስጥ ያገኘሁትም በእርግጥ ይህን ነበር፤ መሠረት ብዬ የጠራሁት ተሳስቼ ነው።

ሲስተሯ «አቤት» ማለቴን ከሰማች በኋላ አእምሮዬ መመለሱን ለማረጋገጥ «ሙሉ ስምህን ንገረኝ» አለችኝ። ምላሴ ከብዶኝ ስለነበር ቀስ ብዬ የራሴን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ተናገርኩ። እርሷም ከካርዱ ጋር እያስተያየች ራሷን ነቀነቀችና ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ታብስልኝ ጀመር። ማን እንደሆንኩ ስጠየቅ ከተናገርኳቸው ከሦስቱ ስሞች ሁለቱ የሌሎች ሰዎች ናቸው፤ የቀረውንም ያወጣችልኝ አያቴ ናት።